የሣጥን ክዳን

ከሬጅስትራሩ ደጅ፣ ከተሰነጠቀው መስታወት ጎን፣
ማክሰኞ ጠዋት ላይ አዲስ ወረቀት አየን።
አራት ማዕዘኑ በፕላስተር ተይዟል፣
ማኅተሙ ግማሹን ቃል ሸፍኖታል፤
ቢሆንም ይነበባል፦
«የንግድ ኮርሶቻችን ከዘንድሮ ጀምሮ
ለሌላም ትምህርት ክፍል ልጅ ተከፍተዋል፤
የወጪ ስሌት፣ የገበያ ጥናት፣
የቤተሰብ ንግድ፣ የብድር አያያዝ።
አንዱን ይምረጡ። እስከ ዓርብ ብቻ።»

ሦስት ዓመት ሙሉ ዓሣ ስበልት ኖርኩ፣ በቤተ ሙከራ፤
የቆሮሶን ስንጥብ ክሩን በስሙ ልጥራ?
ዋጋውን ግን አንድም ቀን አልጠየቅኩ፤
ከሱ በተገኘ ብር ደብተር እየገዛሁ ላቲኑን ሸመደድኩ።

«ምን ያደርግልሃል?» አለኝ አንድ የሲቪል ልጅ ከኋላ፣
«ለእኛ ሲሚንቶ፣ ለአንተ እንቁራሪት! ምን አለ ሌላ?»
ሳቅን። ዓርብ ግን፣ ቢሮው ሊዘጋ ሩብ ጉዳይ ሲቀረው፣
ቅጹን በሽንቁሩ አሾለክኩ፤ «የወጪ ስሌት» ነው የሚለው።

መምህር ዱካሌ ጠመኔ አያባክኑም፤
አንድ መስመር ወደ ታች፣ አንድ ወደ ጎን፤ ሌላ አይጨምሩም።
«ይኸው ነው» አሉን፤ «ግራው የገባ፣ ቀኙ የወጣ።
የምታውቁትን ንግድ ሒሳብ ሰኞ አምጡ፤ ከመጽሐፍ ግን እንዳይመጣ።»

የማውቀው ንግድ?
አክስቴ ባሎቴ አሞራ ገደል ናት፤
ጎሕ ሳይቀድ ውሃው ዳር የምትደርስ፣ ጀልባ ሁሉ የሚያውቃት።
አባ ኮዳዎቹ እንደ ዕቁብ ዳኛ አንገታቸውን ሰብረው
ከበዋት ቆመዋል፣ አንጀት እስክትጥል ጠብቀው።
ደብተር የላትም። የሣጥኗ ክዳን ነው መዝገቧ፤
በከሰል ይሰመራል የዓሣው ቁጥር፣ የሰው ዕዳ፣ ሐሳቧ።
ቀጥ ያለው መስመር የተሸጠ፣
ያዘመመው ዱቤ፣
የተሰረዘው ፀሐይ ያበላሸው፣ ከእጅ ያመለጠ።

ስልኬን አውጥቼ ማስሊያውን ከፈትኩ፤
እሷ እየቀረፈች እኔ እየጠየቅኩ።
በረዶው በስንት? ባጃጁስ? የቦታ ኪራይ? ሞረዱ?
«ኧረ ተወኝ ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ቁጥር ሄዶ ሄዶ የት ነው መውረዱ?»
ጀንበር የታቦርን አናት ነክታ ወደ እኛ ስትወርድ
ጉዱ ወጣ፦ ማክሰኞና ሐሙስ፣ አገሩ ሥጋ ሲያርድ፣
ከሸጠችው ዓሣ ሁሉ ሦስት ሦስት ብር ይጎድላል፤
ረቡዕና ዓርብ ያተረፈችው ተመልሶ በረዶ ይሆናል፣
ይቀልጣል።

ነገርኳት። ቢላዋው ቆመ።
«ሦስት ብር?» አለች። «በያንዳንዱ?»
ክዳኑን ከጥግ እስከ ጥግ አየችው፣ አዲስ ሰው እንዳየች።
ከዚያ ጣቷን ከታች፣ ትናንሽ ነጠብጣብ ላይ አሳረፈች፦
«ይቺንስ የት አገባሃት?»
«ምንድን ናት?»
«የዲንጌቶ ሚስት። ጀልባው ባዶውን ከተመለሰ ወዲህ
በየሳምንቱ ሁለት ዓሣ። አትከፍልም። አልጠይቃትም።»

ግራውን አየሁ፣ ቀኙን አየሁ።
የገባ አይደለም። የወጣ ለማለትም አፌ ተሳሰረ።

ሰኞ መምህሩን ጠየቅኳቸው።
ጠመኔያቸውን ኪሳቸው ከተው በመስኮት ውጭ ውጭውን አዩ።
«ወጪ ነው» አሉ በመጨረሻ። ጥቂት ቆዩ።
«እናቴ ለኩ ላይ ቅቤ ትነግድ ነበር። እሷም ነጠብጣብ ነበራት።
ተምሬ መጥቼ ‹ወጪ ነው› አልኳት።
ዓመት አኮረፈችኝ።»
ክፍሉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

በሳምንቱ ስመለስ ሣጥኗን ከጎረቤቷ ሣጥን አስጠግታዋለች፤
የማክሰኞን በረዶ ለሁለት ገዝተው ይካፈላሉ።
«እዚያ ወረቀታችሁ ላይ» አለች፣ ቀና ሳትል፣
«ለኔ ዓይነቷ የሚሆን አለ? ማትሪክ ላልደረሰች፣
ጠዋት ለማይመቻት?»

«የለም» አልኩ።
«ገና ነው» ማለት ነበረብኝ።

ዝም አለች። ከሰሏን አነሳች።
ከዲንጌቶ ሚስት ነጥቦች ፈንጠር አድርጋ
አንድ ያዘመመ መስመር ሰመረች።

«ያንተ ነው» አለች፤ «የትምህርቱ።
ዱቤ።»